ሃያ ሦስት አደራና አንድ መስኮት

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ እናኑ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ የመስኮቷ ሽቦ ተፈትቶ፣ አንደኛው መዝጊያ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ስለ ሰዓቱ እርግጠኛ ናት። ከወፍጮ ቤቱ ስትወጣ የግድግዳው ሰዓት ሁለት ከሩብ ይል ነበር፤ ከዚያ እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ደግሞ ጭቃ ካልያዘው የአምስት ደቂቃ ነው።

ዱቄቱን ደጃፍ ላይ ጥላ ገባች። ብርድ ልብሱን አላየችም፣ ሳጥኗን አላየችም። በቀጥታ በሱዳኗ ገዳሪፍ አንገረብ ከሚሉት የጠፍር አልጋዋ ሥር ተንበርክካ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተች መቁጠር ጀመረች። ሃያ ሦስት። አላመነችምና ደግማ ቆጠረች። ሃያ ሦስት። ሬዲዮኗ ከመደርደሪያው ላይ እንደሌለ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

«እሰይ!» አለች መሬት ላይ እንደተቀመጠች፣ እንባዋ እየወረደ። «እሰይ፣ ሬዲዮኑን ወሰደልኝ። ተመስገን!»

እናኑ የመተማ ሰው ናት። ገዳሪፍ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ አንዳርጋቸው ሲሞት ዘመዶቿ ወደ አገርሽ ግቢ ቢሏትም እንቢ ብላ ቀረች። የቀረችውም ስለ ልጆቹ ነው። በየክረምቱ ከጎንደር ቆላ፣ በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚመጡት ልጆች ቤቷን ለምደውታል። የሚሠሩበት የእርሻ ሰፈር፣ እነሱ ካምቦ የሚሉት፣ ዝናብ ያስገባል፤ አይጥ አለበት፤ ሌባም አይጠፋውም። ስለዚህ ሁሉም ወደ እርሻው ከመውጣቱ በፊት ያለችውን በጨርቅ ቋጥሮ እናኑ ዘንድ ያኖራል። መታወቂያውን፣ አገሩ ሲገባ የሚለብሳትን ንጹሕ ሸሚዝ፣ ያለው ደግሞ የእናቱን ፎቶግራፍ።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን በየቋጠሮው ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለች። በእሷ ላይ የተጻፈው የልጁ የክርስትና ስም ነው።

ወረቀቷ ያለ ምክንያት አልመጣችም። ከአራት ዓመት በፊት መፋዛ አጠገብ ካለ እርሻ አንድ ልጅ በትራክተር ተጭኖ መጥቶ እናኑ ቤት ሞተ። ጓደኞቹ ቴዎ ይሉት ነበር። ቄሱ ለፍትሐት መጥተው «የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ቢሉ አንድም የሚያውቅ ጠፋ። አብረውት የበሉ፣ አብረውት የተኙ ልጆች ዓይን ለዓይን ተያዩ። ቄሱም «ስሙን አንተ የምታውቀው ባሪያህ» እያሉ ጸለዩለትና ተቀበረ። እግዜር ያውቀዋል፤ ይህን እናኑ አልተጠራጠረችም። ነገር ግን ለሳምንት ያህል እህል አልወርድ አላት። የሰው ልጅ በስሙ ተጠምቆ ያለ ስሙ አፈር ይገባል? ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሌለበትን ቋጠሮ አትቀበልም። አቀባበሉም ሥርዓት አለው። ሰሌን ይነጠፋል፣ ምስክር ይጠራል፣ እቃው በምስክሩ ፊት አንድ በአንድ ይታያል፣ ከዚያ ይቋጠራል። አንዴ ከተቋጠረ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ ድረስ ሌላ ሰው አይፈታውም።

ምስክሩ ሁልጊዜ ምስጋናው ነው። የሸዲ ከተማ ልጅ፣ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሠራተኛ፣ ጽሕፈቱ ያማረ፣ ምላሱ የሾለ ጎልማሳ። የዚያን ዕለት ጠዋት ወሬውን ሰምቶ ሲሮጥ መጣ።

«ከሲንጃ የመጡት ናቸው» አለ መስኮቱን እያየ። ሲንጃ ከተማ በሱዳኑ ጦርነት ከተያዘች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር፤ ገዳሪፍ በየትምህርት ቤቱና በየዛፉ ሥር ሰው ሞልቶባታል።

«ወግድ! የተፈናቀለ ሰው የሚተኛበትን ይፈልጋል እንጂ የኔ ሬዲዮን ምን ያደርግለታል? ሌባ ድሮም እዚሁ ነበር፤ አሁን ግርግር አገኘ። ይልቅ መስኮቱን የሚያበጅልኝ አናጢ ፈልግልኝ።»

ምስጋናው ሄዶ በእኩለ ቀን ተመለሰ። ፊቱ ተኮሳትሯል። የአናጢዎቹ መደዳ ባዶ ነው። ግማሹ ወደ ከሰላ፣ ግማሹ ወደ ፖርት ሱዳን ሄዷል።

«ማንም የለም?»

«አንድ አለ።» ራሱን አከከ። «ያ የሑመራው ሽማግሌ፣ ኣባዲ።»

«ታዲያ አለ በለኛ! አያ ኣባዲን አውቃቸዋለሁ፣ የወፍጮ ቤቱን በር የሠሩት ናቸው።»

«እትዬ እናኑ፣ መቆለፊያ የሚገጥም ሰው መቆለፊያውን ያውቀዋል። የኛን ልጆች አደራ ለነሱ ሰው እናሳይ?»

ምስጋናው ታናሽ ወንድሙን ስንሻውን የቀበረው፣ መቅበር ከተባለ፣ በዚያ በትግራይ ጦርነት ነው። ሬሳውን አላየም። ኣባዲም ከሑመራ ሸሽተው ተከዜን ተሻግረው ሱዳን የገቡት በዚያው ጦርነት ነው። እሳቱ የሁለቱንም ቤት ነክቶታል፤ ይህን ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

«አንተ ጎረምሳ» አለችው እናኑ፣ «ሌባው ነገ ይመለሳል። ያንተ ቂም መስኮት ይዘጋልኛል? ካልዘጋ ሂድና ጥራቸው።»

ኣባዲ ረቡዕ ጠዋት መጡ። ከስልሳ ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ መሮና መዶሻቸውን በዱቄት ከረጢት የያዙ ሰው ናቸው። ስለ ዋጋው እንደማንኛውም አናጢ ተከራከሩ፤ ቅዱስ ነበሩ ብሎ ማንም አያወራም። ከዚያ መስኮቱን በውጭ በኩል ዞረው ዳበሱት፤ በውስጥም ገብተው ዳበሱት።

ምስጋናው አዲስ ጠብላ ገዝቶ አምጥቶ ነበር፤ ሱዳኖች ጓጉንቸር ቁልፍን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። የጡጫ ያህል የሆነ፣ ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቅ። «ይህን በውጭ በኩል አንጠልጥለው» አለ።

«በውጭ?» ኣባዲ ጠብላውን በመዳፋቸው መዘኑት። «ወንድሜ፣ በዚህ ሰፈር መስኮቱ ላይ ይህን ያንጠለጠለ ሰው ‹ወርቅ አለኝ፣ ኑ› ብሎ የጻፈ ነው። ትናንት ሬዲዮን ለመውሰድ የመጣ ነገ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል።»

እናኑ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ታዲያ የት ይሁን?» አለ ምስጋናው።

«በውስጥ። ከውጭ ሲያዩት ድሮ የነበረው የድሃ መስኮት ይሁን።»

ምስጋናው በርጩማ ስቦ ከመስኮቱ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀመጠ። እናኑ ቋጠሮዎቹን ሁሉ ወደ ጥግ አንስታ በነጠላዋ ሸፍናቸው ነበር። ኣባዲ ያንን አዩ። ጀርባቸውን ለጥጉ ሰጥተው ሥራቸውን ቀጠሉ።

«ምን ታያለህ?» አሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ቀና ሳይሉ።

«እጅህን።»

«ምስጋናው!» ጮኸች እናኑ። «አባትህ የሚሆኑ ሰው ናቸው!»

«ተይው ሓፍተይ» አሉ ኣባዲ፣ እህቴ ማለታቸው ነው። «እጄ እንኳ የሚታይ ውበት የለውም። ግን ከተቀመጥህ አይቀር ይህን መዝጊያ ደግፍልኝ፤ ዓይንህም ከዚያው ይሆናል።»

ተነሥቶ ደገፈ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ምስማር ሲያቀብል፣ መዝጊያ ሲይዝ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ዋለ። እጅ ለመጠበቅ የመጣ ሰው እጅ ሆኖ አረፈው።

ኣባዲ ወፍራም የብረት መሸጎሪያ ሁለቱን መዝጊያዎች እንዲይዝ በውስጥ በኩል ገጠሙና ጠብላውን በእሱ ላይ አዋሉት። ሌባ ሳንቃ ሰብሮ እጁን ቢያስገባ እንኳ መሸጎሪያውን እንዳይስበው ነው። እናኑ ያለቀ መስሏት ውሃ ልታቀርብ ስትነሣ እሳቸው ወደ ማጠፊያዎቹ ዞሩ።

«እዚያ ደግሞ ምን አለ?» አለች። «መቆለፊያው መሃል ላይ ነው እኮ።»

«ቂሉ ሌባ ነው ወደ መቆለፊያው የሚሄድ። ያንቺ መስኮት ወደ ውጭ ነው የሚከፈት፤ ማጠፊያው ከውጭ ነው ያለ። የሚያውቅ ሌባ መቆለፊያሽን በክብር ትቶ ማጠፊያውን ይነቅላል።»

ከመቃኑ ጎን፣ በማጠፊያው በኩል፣ በየመዝጊያው ሁለት ሁለት ወፋፍራም ምስማር መቱ። የሁሉንም ራስ በብረት መጋዝ ቆረጡ። በትክክል በእነሱ ትይዩ ከመዝጊያው ጠርዝ ላይ ቀዳዳ በሱ። መስኮቱ ሲዘጋ ምስማሮቹ ቀዳዳው ውስጥ ይገባሉ፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

ምስጋናው ዘግቶ ከፈተው። «ይጠብቃል። ላገው እንጂ።»

«አሁን ክረምት ነው፣ እንጨቱ ውሃ ጠጥቷል። ዛሬ ከላግሁት ጥር ላይ ድመት ታልፍበታለች። እስከ መስከረም በትከሻዋ ገፋ ታድርገው።»

ሦስቱንም የጠብላ ቁልፎች በእናኑ መዳፍ ላይ አኖሩ፤ ጣቶቿንም እጥፍ አደረጉላት። «ኻላስ፣ አለቀ» አሉ፣ ከረጢታቸውን አንሥተው ሄዱ። ምስጋናው ከሄዱ በኋላ እያንዳንዱን ምስማር ዞሮ አየ። አንድም ጠማማ አላገኘም።

ነሐሴ 7 ቀን ጽንሰታ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ለፍልሰታ ቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን ዋለ፤ እናኑም ከሁሉ ኋላ በዘጠኝ ሰዓት ተመለሰች። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ስትደርስ ቆመች። በግራ በኩል ሁለቱም ማጠፊያዎች ተነቅለው ጭቃው ላይ ወድቀዋል። የብረት ዘንግ እንጨቱን የላጠበት ነጭ ቁስል ይታያል። ሌባው የሚያውቅ ሌባ ነበር። መዝጊያው ግን ቆሟል! በሩን ከፍታ ገባች። ምስማሮቹ ከነቀዳዳቸው፣ መሸጎሪያውም ከነጠብላው እንዳሉ ናቸው። ያ ሰውዬ ስንት ደቂቃ እንደታገለ እግዜር ይወቅ፤ አንዲት ጣት የምታስገባ ክፍተት እንኳ አላገኘም።

ቋጠሮዎቹን አልቆጠረቻቸውም። መዳፏን በመዝጊያው ላይ አሳርፋ ቆመች፤ «እጅዎ ይባረክ፣ እጅዎ ይባረክ» አለች፣ ሰውዬው አጠገቧ እንዳሉ ሁሉ።

በማግስቱ የጾም ዳቦ ጋግራ አናጢዎቹ መደዳ ድረስ ሄደች። ኣባዲ ዳቦውን ተቀብለው ቆርሰው በሉ፣ ወሬውን ሰሙ፣ ሳቁ።

«መቆለፊያውን ነክቷል?»

«ዞርም ብሎ አላየው!»

«አላልኩሽም? ያወቀ ነው።» ኮራ አሉ።

ከሰዓት በኋላ መጥተው ማጠፊያዎቹን ቀየሩ። ሲጨርሱ ግን እንደወትሯቸው ከረጢታቸውን አላነሡም። ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መሯቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ።

«አያ ኣባዲ፣ ምን ላድርግልዎ? ዋጋውንም ነግረውኛል፣ እሱስ ትንሽ ነው፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

«ዋጋዬ ይበቃኛል።» «እነዚያ ቋጠሮዎች የምን እንደሆኑ ያን ጊዜ አልጠየቅሁሽም። በኋላ ሰው ነገረኝ። ሓፍተይ፣ የጎንደር ልጆች ብቻ ነው የምትቀበይ?»

እናኑ ገባት። ሰሌኑን አነጠፈች። ከዚያ የጎረቤት ሰው ወደ መጋዘኑ ልካ ምስጋናውን አስጠራች። ሥርዓቱ ያለ ምስክር አይሆንም። ከእሱ ሌላ የሚጽፍላት የሰፈሩ ዲያቆን ደግሞ ለሱባኤ ገብቷልና ወረቀቱን የሚጽፈውም ምስጋናው ነው። ምስጋናው እንቢ ቢል ምን ትላለች? ያላትን ሁሉ ያተረፉላትን ሰው በባዶ እጃቸው ከደጇ ልትመልስ ነው።

ምስጋናው የሰሊጥ ገለባ ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ መጣ። ሰሌኑን አየ፣ ኣባዲን አየ።

«እቃው የታለ?» አለ።

ኣባዲ ባዶ እጃቸውን ዘረጉ። «እቃ የለኝም። ስም ነው ያለኝ።»

«የመግቢያ ልብስስ? ሁሉም የመግቢያ ልብሱን ያኖራል።»

«የምገባበት ሲታወቅ እገዛለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ምስጋናው ተቀመጠ፤ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ።

«ወርቂ፣ ባለቤቴ፣ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው ያረፈች» አሉ ኣባዲ። «ስሟ ተጠርቶላት ነው፤ ለእሷ አልሰጋም። እኔ ግን አሁን ብወድቅ በዚህ ከተማ የክርስትና ስሜን የሚያውቅ የለም። ፊደልም አልቆጠርኩ። ወልደ ተንሣኤ ብለህ ጻፍልኝ።»

ምስጋናው ጻፈ።

«ሁለተኛው የልጄ ነው። ሓፍቶም ነበር የምንለው። ከሑመራ ስንወጣ ኋላ ቀረ። ሞተ የሚለኝ አለ፤ እዚህ ቦታ ወደቀ የሚለኝ ግን አላገኘሁም። የክርስትና ስሙ ገብረ ኪሮስ ነው።»

እስክሪብቶው ከወረቀቱ በላይ ቆመ። እናኑ ሬዲዮኗ የጠፋ ዕለት እንኳ እንዲያ አልፈራችም። የምስጋናው መንገጭላ ሲንቀሳቀስ ታየዋለች። ከውጭ የጋሪ አህያ ጮኸች፤ አለፈች። ኣባዲ አልለመኑም፤ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።

«ዕድሜው ስንት ነበር?» አለ ምስጋናው።

«ሃያ ስድስት።»

«እስኪ ስሙን ይድገሙልኝ አባቴ። እንዳልሳሳት።»

«ገብረ ኪሮስ።»

በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ ቀስ ብሎ ጻፈው። ጽፎም አላበቃም፤ ወረድ ብሎ ሌላ መስመር ቀጠለ። ፊደል ባትለይም እናኑ ሦስት መስመር መሆኑን አየች።

«ምነው፣ ሁለት ስም ነው የነገሩህ!»

«ሦስተኛው የስንሻው ነው» አለ ቀና ሳይል። «ኃይለ ማርያም። እዚያው ይሁን፤ ቦታ አይይዝም።»

ኣባዲ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ነካ አደረጉት። «እሱስ ስንት ነበር?»

«ሃያ አራት።»

«ልጅ ነው» አሉ ኣባዲ። «ልጅ ነው እኮ።»

እናኑ ከራስ መሸፈኛዋ ጫፍ ቀድዳ ወረቀቷን ቋጠረቻት። ከአንገረቡ ሥር ከሁሉም ፊት አኖረቻት። ያን ቀን ሦስቱም አብረው ሽሮ በሉ። ምስጋናው ስለ እንጨትና ስለ ውሃ ሲጠይቅ፣ ኣባዲ ሲያስረዱ አመሹ። ከዚያም በኋላ ምስጋናው መጋዘኑ ሲዘጋ በአናጢዎቹ መደዳ በኩል ሳያልፍ ቤቱ አይገባም ነበር።

ኣባዲ በጥቅምት ወባ ያዛቸው። አምስት ቀን ተኙ፤ ሁለቱን በእናኑ ቤት፣ በዚያው መስኮት ሥር። ምስጋናው ነበር ውሃ የሚያጠጣቸው። ጥቅምት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አረፉ። ቄሱ መጥተው ስማቸውን ሲጠይቁ እናኑ በምስጋናው ፊት ቋጠሮዋን ፈታች፤ እሱም አነበበ። ፍትሐቱ ወልደ ተንሣኤ እየተባለ ተደረገላቸው። ቄሱ የሁለቱን ልጆች ስም ጨምረው ጠሩ። ከካምፕ ሙኡዝ የሚባል ጎረቤታቸው ከአሥር ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ደረሰ፤ ከእርሻ የገቡ የጎንደር ልጆችም ነበሩ። ቃሬዛውን እየተቀባበሉ ወሰዷቸው። እናኑ የዚያን ዕለት አልቅሳለች፤ ግን ሐዘኑ እንደ ቴዎ ጊዜ እህል አልከለከላትም። ስለ እኒያ ሰው ስታወራ ዛሬም በ«እግዜር ይስጥልኝ» ነው የምትጀምር።

ከሃያ ሦስቱ ልጆች ሃያ አንዱ በኅዳርና በታኅሣሥ ተመልሰው ቋጠሯቸውን ወሰዱ። ያልተመለሱት የሁለቱ ቋጠሮ ዛሬም እናኑ ዘንድ ነው። በተከተለው ክረምት፣ ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ በገላባት በኩል መጥተው አደራ ያኖሩት አሥራ አንድ ሰዎች ብቻ ናቸው።